ስንቁ የእኔ አይደለም

የያዙኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የልጆቹን ትምህርት ጨርሼ ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ ሳለ ሁለት ወታደሮችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው በሩ ላይ ቆሙ። ሲቪሉ፣ «ካተኪስቱ አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ካተኪስት ማለት በእኛ በካቶሊኮች ዘንድ ካህን በሌለበት ሃይማኖት የሚያስተምር፣ ጸሎት የሚመራ፣ ሰው ሲሞትም የሚቀብር ምእመን ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ነገሌ ቦረና የነበሩት ነጩ አባ፣ ሚሲዮናዊው ካህናችን፣ ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው ሄደው በዚያው ስለቀሩ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ እኔ እጅ ነበር። «ጨርቁን አስቀምጥና ቅደም» አለኝ። እጄን ሳልታጠብ፣ ጣቶቼ በጠመኔ እንደነጡ ሄድኩ።

የዚያን ቀን ያስተማርኩት ስለ እግዚአብሔር መግቦት ነበር። እግዚአብሔር የፈጠረውን እንደማይረሳ፣ የማንም ረሃብ ከእሱ ዐይን እንደማይሰወር ስለፈልፍ ነው ያረፈድኩት። አንዷ ልጅ «ድርቅ ሲሆንስ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ያኔም» ብያት አለፍኩ። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ።

ያስገቡኝ ከጦሩ ሰፈር አጥር ጥግ ያለ አሮጌ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም፤ ግድግዳው ጨውና የከረመ ሞራ ይሸታል። መስኮት የለውም። ቀን ቀን የጣሪያው ቆርቆሮ ግሎ ከላይ ስለሚጠብሰን ሰው ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ በግድግዳው ሥር ይደረደራል። በበሩ ስንጥቅ ቀይ አቧራ እየገባ ስንነጋገር ጥርሳችን መሀል ይንቀጫቀጫል።

የክፍሉን እስረኞች የሚመራው፣ ካቦ የምንለው ሰው፣ የጦሩ ናፍጣ ጎደለ ተብሎ የታሰረ የጎጃም ሰው ነበር፤ አስር አለቃ። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ዘመድ አለህ?» አለኝ።

«እዚህ የሥጋ ዘመድ የለኝም። አገሬ ሩቅ ነው።»

«የዘር ሐረግህን አልጠየቅኩህም ወንድሜ። ስንቅ የሚያመጣልህ ሰው አለህ ወይ ነው የምልህ። መንግሥት ቤቱን ይሰጣል እንጂ ቀለቡን አይሰጥም።»

«ምእመናኑ አሉ» አልኩት ኮራ ብዬ። «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ሞልቶ ሰው ውጭ ይቆማል።»

«እሰየው፣ እናያለና» አለና ከአንድ ድሬሰር አጠገብ ቦታ አሳየኝ።

አየን! እሑድ ማንም አልመጣም። ሰኞም ማንም አልመጣም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዘበኛው በሩ ላይ ሆኖ ባለስንቆችን በስማቸው ይጠራል፤ ወረቀት ተደብቆ እንዳይገባ ምግቡን በእንጨት ይወጋጋና ያቀብላል። የእኔ ስም አይጠራም። ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸው፣ አባቶቻቸውን የቀበርኩላቸው፣ ሲጣሉ ያስታረቅኳቸው ሰዎች ናቸው እኮ! አንዲት ቁራሽ ዳቦ የሚልክ ጠፋ። የሰነበትኩት ካቦውና ድሬሰሩ ከየሣህናቸው እየቀነሱ በሚሰጡኝ ነው። ድሬሰሩ የክሊኒክ ሠራተኛ ነው፤ የፕሮቴስታንቶቹ ሽማግሌ። ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ እቤቱ ሰው ሰብስቦ ሲዘምር ነው የያዙት። የእሱ ምእመናን ደግሞ በተራ እየተቀባበሉ አንድ ቀን ሳያጎድሉ ይመጡለታል። «የእርስዎም ይመጣሉ መምህር፣ ፈርተው ነው» ይለኛል። በእሱ ሰዎች ቀናሁ፤ በእኔዎቹ አፈርኩ።

የባሰው ግን የተመረመርኩ ቀን መጣ። መርማሪው መኮንን ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ሕፃናት ከወጣት ማኅበሩ ቀድመው እግዜር ዘንድ ይመዝገቡ እያልክ ትቀሰቅሳለህ» አለኝ። «ብለሃል፣ አላልክም?»

ክው አልኩ። ብያለሁ። ግን ያልኩት አንድ ጊዜ፣ አንድ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወዳጄ ነበር። ነገሌ ስመጣ መጀመሪያ ቤቱን የከፈተልኝ እሱ ነው። ካቶሊክ ነው፤ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን ለወንበሩ ሲል ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትቶ ነበር። ወንድ ልጅ ሲወለድለት ሚስቱ፣ ልጄ ሳይጠመቅ አይቀርም ብላ ወጥራ ያዘችው። ነጩ አባ ከመሄዳቸው በፊት እቤታቸው መጥተው፣ በር ዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን ልጁን አጠመቁት። ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባልና ሚስቱ ጋር አበልጅ ሆንን። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ በአበልጅ ላይ ክፉ መሥራት በእኛ አገር ያስነውራል። አባ በመኪናቸው ከሄዱ በኋላ ሦስታችን ምሳ ስንቀመጥ፣ እንዲያው ለጨዋታ፣ «ሊቀመንበሩ ልጃቸውን ከወጣት ማኅበሩ ቀድመው እግዜር ዘንድ አስመዘገቡ!» አልኩ። አበልጄ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሚስቱም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከሦስታችንና ከሕፃኑ በቀር እቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

መኮንኑ የልጁን ነገር አያውቅም። ቀልዷ ብቻ ተቆርጣ ነው የደረሰችው። ወዲያው ገባኝ። አበልጄ የልጁ መጠመቅ አንድ ቀን ይወጣብኛል ብሎ ፈርቷል፤ ምስጢሩን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቀድሞ እኔን ከሰሰ። ከሳሹን ማን ይጠረጥረዋል? «እስቲ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀኝ» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ድንጋጤው ያዘኝ። ወደ ክፍሉ ተመልሼ በግድግዳው ሥር ተቀመጥኩና ባልና ሚስቱን አንድ ላይ፣ በማውቀው ቋንቋ ሁሉ ረገምኳቸው። እሷም አብራ ስቃለችና ከእሱ አልለየኋትም። ጠላት ቢይዘኝ ምንም አልነበረም፤ አበልጄ!

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ዘበኛው ስሜን ጠራ። አላመንኩም፤ ካቦው ነው በክርኑ የጎሸመኝ። በጨርቅ የታሰረ ጎድጓዳ ሣህን፣ የፍየል ሥጋ ወጥ ከነትኩሳቱ። «ማን አመጣው?» ብለው ዘበኛው፣ «አንዲት ወተት ሻጭ የቦረና ሴትዮ ናት፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። በማግስቱም መጣ። ከዚያ ወዲያ አልቀረም።

ከየት እንደሚመጣ ያወቅኩ የመሰለኝ በጾሙ ነው። ረቡዕ ሥጋ ይመጣል። አርብ ግን ሥጋ የለም፤ የበቆሎ ገንፎ ነው የሚመጣው፣ መሀሉ ላይ ቅቤ ቀልጦበት። የመጀመሪያዋ አርብ ካቦው ሣህኑን አየና አማተበ።

«በአርብ ቅቤ! ረቡዕ ደግሞ ሥጋ! እናንተን ማን ነው እንዲህ አድርጎ ጹሙ ያላችሁ?»

«እኛ አርብ የምንተወው ሥጋ ብቻ ነው» አልኩት።

«አትጹሙና ይለይላችሁ!» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። በእስር ቤትም ቢሆን ረቡዕና አርብን የማይሽር ሰው ነበር። ድሬሰሩ እየሳቀ ገንፎውን ከእኔ ጋር በላ።

እኔ ግን በዚያ ቅቤ ልቤ ሞላ። ኦርቶዶክስ ቢልከው ቅቤ አይኖረውም፤ ፕሮቴስታንት ቢልከው ለአርብ አይጨነቅም። ይህን የሚያውቅ የእኛ ሰው ብቻ ነው። ምእመናኑ ናቸው! ፈርተው በገዛ እጃቸው ባያመጡትም በወተት ሻጭ እየላኩልኝ ነው። ዛሬ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ነገ የአስተማሪው፣ ከነገ ወዲያ እነዚያ አሮጊቶች እያልኩ ተራቸውን ሳይቀር በሐሳቤ መደብኩላቸው። ካቦው «የአንድ ሰው እጅ ነው፣ በርበሬው አንድ ነው» ቢለኝ አልሰማሁትም። በየምሳው ስለ መግቦት እሰብክላቸው ጀመር። ድሬሰሩ በትዕግሥት ያዳምጠኛል፤ ካቦው «አሁን ዳነ፣ ጠግቧል» ይላል። አቤት ደስታዬ! ለእነዚያ ሰዎች አንድ በአንድ ጸለይኩላቸው።

አንድ ቀን ውኃ እንድቀዳ ወደ ግቢው በር ላኩኝ። ቦቴው በሩ አጠገብ ይቆማል። ባልዲውን ስሞላ አንዲት ጠና ያሉ ሴት የወተት ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ያን ጎድጓዳ ሣህን ይዘው ዘበኛውን ሲጠብቁ አየኋቸው። ዘበኛው ከሌላ ወታደር ጋር ወሬ ይዟል።

«አዮ፣ ናጋ ጅርታ?» አልኳቸው በኦሮምኛ። እናቴ፣ ሰላም ነዎት ወይ ማለት ነው።

«ናጋ» አሉኝና አተኩረው አዩኝ። «አንተ ነህ እንዴ የምትበላው? ይህን ሁሉ እያመላለስኩልህ ምነው አጥንትህ ወጣ?»

ሳቅኩ። «እግዜር ይስጥልኝ። ምእመናኑን አመሰግናለሁ በሉልኝ፣ ሁሉንም።»

«የምን ሁሉንም? አንዲት ሴት ናት የምትሰጠኝ። የሊቀመንበሩ ሚስት፣ ያቺ የቦሬዋ። ወተት ላደርስላት ስሄድ፣ ባሏ ሲወጣ ጠብቃ ትሰጠኛለች። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። አንተ ግን ባለቤቱ ነህ፤ ከባለቤቱ ምን ይደበቃል?»

ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ሌላም ሰው የለም? ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሌላማ ማን አለ ልጄ» አሉኝ።

የዚያን ቀን ሣህኑን ድሬሰሩ ፊት ገፋሁት። መንገር አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ፊቴን አይቶ አልለቅ አለኝና ነገርኩት። ሁለት ጊዜ ነው የተከዳሁት አልኩት። ያ አበልጄ ሸጠኝ፤ እነዚህ ደግሞ እስከ ዛሬ ያመሰገንኩባቸው ሰዎች፣ ለካ አንድም ቀን ትዝ ብያቸው አላውቅም። የምበላው የከሳሼን ወጥ ነው! በየምሳው እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት በዚያ ሰውዬ በርበሬ ነው!

ድሬሰሩ፣ «መምህር፣ እግዚአብሔር ከማን ቤት እንደሚልክልዎ አስቀድሞ ሊያስፈቅድዎ ነበር?» አለኝ።

«እባክዎ ይተዉኝ» አልኩት። «ስብከቱን እኔም አውቀዋለሁ።»

«ያውቁታል፣ እሱማ» አለና ሣህኑን ሳይነካ መልሶ አጠገቤ አስቀመጠው። አልበላሁም። እግዚአብሔርንም ተቆጣሁት፤ ሌላ ቤት አጣህ ወይ አልኩት። በማግስቱ ግን ራበኝና በላሁ። ሌላ የረቀቀ ምክንያት አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ መኮንኑ እንደገና አስጠራኝ። በዚህ ጊዜ ሲጋራ ሰጠኝ፤ አላጨስም አልኩት። «ነጮቹ ሲሄዱ ገንዘብ የተዉለት ሰው አለ» አለኝ። «ስንቅህን የሚልከው እሱ ነው። እኔ የምፈልገው እሱን እንጂ አንተን አይደለም። ማን ነው የሚልክልህ?»

«እግዚአብሔር ነው።»

አጠገቡ የቆመው ዘበኛ ሳቁ አመለጠው። መኮንኑ አልሳቀም።

«እግዜር በሣህን ነው የሚልከው?»

«ለእኔ እንደዚያ አድርጎታል።»

በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ «ነገ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ ትቆማለህ» አለኝ። «ወተት ሻጯ ማን እንደላካት በፊትህ ትናገራለች። አንተ አዎ፣ እውነቷን ነው ካልክ ከዚያው ከበሩ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እምቢ ካልክ እዚሁ ትበሰብሳለህ።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ የነበረውን ፈተና ምን ብዬ ልንገራችሁ። መውጣት! ሰማይ ማየት፣ ገላ መታጠብ። በዚያ ላይ በቀል ከነግሣንግሡ በእጄ ገብቶልኛል፤ አንድ «አዎ» ብቻ ነው የሚፈለግብኝ። ሊቀመንበሩ በፀረ አብዮተኛ ስንቅ ይያዛል፤ የልጁም ጥምቀት ይወጣል፤ እኔ በሩን አልፌ ስሄድ እሱ ይገባል። ውሸት እንኳ አይደለም፣ እውነት ነው። እውነት ተናገር ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ እንደዚያ ሳስብ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን ያን ሰው አውቀዋለሁ። እሱ አይገባም። «እኔ አላውቅም፣ ሚስቴ ናት» ነው የሚለው። ያውም እውነቱን! እኔን አሳልፎ የሰጠ ሰው እሷን ከመስጠት ምን ያግደዋል? የምትገባው እሷ ናት። ልጁ ገና ጡት አልጣለም። ወደዚህም ወደዚያም ሳገላብጠው የበቀሌ መዳረሻ እሷ ላይ ሆነ። ተናደድኩ። አንዴ እንኳ እጄ ላይ የወደቀልኝን ነገር መጠቀም አለመቻሌ አናደደኝ። ስጸልይ «አባታችን ሆይ» ጀመርኩና እንጀራ የምንለምንበት ቦታ ላይ ስደርስ አቃተኝ፤ ነገ ምን እንደማደርግ ያወቅኩት እዚያ ላይ ነው።

በማግስቱ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና በሩ ላይ አቆሙኝ። መኮንኑ ጥላ ሥር ነው። ሴትየዋ ከሩቅ እየመጡ ነው፤ የወተት ዕቃው በጀርባ፣ ሣህኑ በእጅ። ገና ዘበኛው ሳያናግራቸው፣ መኮንኑም ሳይጠይቅ፣ እኔ ቀድሜ በኦሮምኛ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ይህ ስንቅ የእኔ አይደለም! ሴትየዋን አላውቃቸውም። ዘመድም የለኝም። ሁለተኛ አታምጡብኝ!»

ከዚያ ፊቴን ወደ መኮንኑ አዙሬ ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት። ስማቸውን በእርግጥ አላውቅም ነበር።

ሴትየዋ ቆሙ። እኔን አዩ፤ ጥላ ሥር ያለውን መኮንን አዩ። መኮንኑ ተነስቶ መጣና፣ «ማን ነው የላከሽ?» አላቸው።

«ማን ይልከኛል?» አሉ በሚሰባበር አማርኛቸው። «የራበው ሰው አለ አሉ፣ አመጣሁ። ክልክል ነው?»

«ይህን ወጥ አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔማ የት ወጥ አውቃለሁ! ወተት የማደርስበት ቤት ሁሉ የተረፈውን ይሰጠኛል። መኮንኖቹም ቤት ይሰጡኛል። ያንተም ቤት ሴትየዋ ደግ ናት፣ ትሰጠኛለች።»

ዘበኛው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። የመኮንኑ አንገት ቀላ። ምን ይበል? የፀረ አብዮተኛውን ስንቅ ፍለጋ ከራሱ ማጀት ሊጀምር ነው? «ሂጂ! ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ!» አላቸው። ሴትየዋ ሣህኑን እንደታሰረ ይዘው፣ ወደ እኔ ሳይመለከቱ፣ በመጡበት መንገድ ሄዱ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ደግሞ ሥጋ ነበር።

መኮንኑ አላመነኝም፤ ግን የሚይዘው ነገር አጣ። እኔንም አላስወጣኝም። ክፍሉ ስገባ ካቦው የሆነውን ከዘበኛው ሰምቶ ኖሯል። ከራሱ ስንቅ ግማሹን ፊቴ አደረገና፣ «ብላ እንግዲህ፣ ባለ ቅቤው» አለኝ። ድሬሰሩም የራሱን ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ እስክፈታ ድረስ ከእነሱ በልቻለሁ፤ ጠግቤ ግን አላውቅም።

እንዴት እንደተፈታሁ እኔም አላውቀውም። ብዙ ቆይቼ አንድ ቀን «ዕቃህን ያዝ» አሉኝ፤ ዕቃ አልነበረኝም፤ ወጣሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ምእመናኑ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። «ሌት ተቀን ስንጸልይልህ ነበር» አሉኝ። ሌት ተቀን! ምነው ከዚያ ውስጥ አንዷን ሰዓት ዳቦ ይዛችሁ በመጣችሁ ልል ነበር፤ ዋጥኩት። አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደ ጎን ወስደው፣ «ፈራን፣ ምን ልበልህ፣ ፈራን» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር እስኪሞቱ ድረስ ወዳጅ ነበርን።

አበልጄ እኔ ሳልወጣ ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ወጣ አሉ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ደብዳቤ አልጻፈልኝም፤ በሰው እንኳ ሰላም አላለኝም። ያ ሳቁ ዛሬም ይታየኛል። የሳቀው ከልቡ ነበር፤ እሱ ነው የሚያመኝ። ሚስቱ ግን አብራው አልሄደችም። ልጇን ይዛ ቦሬ ወንድሟ ዘንድ ገብታለች ሲሉኝ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ።

ቦሬ ጉም ነው፤ ቆላ የለመደ ሰው ጥርሱ ይንቀጠቀጣል። ከእንሰቱ ጓሮ ወጥታ አየችኝና ባለችበት ቀረች። እንደ ወጉ ተሳሳምን። ልጁ ትምህርት ቤት ሄዷል አለችኝ። ቤት አስገባችኝ፣ መቀመጫ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመች። ላመሰግናት ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቷ አላስጀምር አለኝ።

«አበልጄ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ምግቤን ለምን መለሱብኝ?»

ወተት ሻጯ ከዚያ ቀን በኋላ ደንግጠው ነገሌን አልረገጧትም። ሣህኑን በሌላ ወተት ሻጭ እጅ ነው የመለሱት፤ መልእክቱም አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውየው የእኔ አይደለም፣ ሁለተኛ አታምጡብኝ ብሏል። ስለ መኮንኑ፣ ስለ በሩ፣ ማንም የነገራት የለም።

«ከእሱ ጋር ቆጠሩኝ አልኩ» አለች። «የእሱን እጅና የእኔን እጅ አንድ አድርገው ተጸየፉት አልኩ። ልክ ናቸው፣ ብራብ እኔም አልበላለትም አልኩ። ግን አበልጄ፣ እርስዎ የዚያን ቀን ምሳ ካቆሙብኝ ጀምሮ እኔ ምግብ ስሠራ እጄ ይከብደኛል።»

ነገርኳት። ከጥፊው ጀምሮ መኮንኑ ያለውን፣ በሩ ላይ ያልኩትን፣ ሴትየዋ የመለሱትን ሁሉ። መጀመሪያ ከእሱ ጋር ቆጥሬያት እንደነበርም አልደበቅኳትም። «ስንቁ ከእርስዎ እንደሚመጣ እስካውቅ ድረስ ሁለታችሁንም እኩል ነው የረገምኩት» አልኳት። ስትሰማኝ አታለቅስም ነበር። መኮንኑ ቤት ትርፍራፊ ይሰጣሉ ያሉት ላይ ስደርስ ግን አንዴ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ረጅም ጊዜ አለቀሰች።

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቆጮና ጎመን፣ አይብም ጨምራ አቀረበች። «ብሉ» አለችኝ። እሷ አልበላችም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፌን ታያለች። ጠገብኩ ስላት «አይሆንም» ትላለች፤ ጨመረችብኝ፤ እንደገና ጨመረችብኝ። ሆዴ ሊፈነዳ ደረሰ። ምንም ሳላስቀር በላሁ። ሳህኑን አንስታ ባዶ መሆኑን አየችና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አበልጄ» አለችኝ። ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ቀደመችኝ።

ካረፈች ቆይታለች። እኔ አርጅቻለሁ፤ ነገሌም ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች። ለሙታንና ለሕያዋን ስጸልይ የእሷን ስም አስቀድማለሁ። የባሏንም ስም ለመጥራት እሞክራለሁ። የሚሆንልኝ ቀን አለ፣ እምቢ የሚለኝ ቀን አለ። እምቢ ባለኝ ቀን የእሷን እደግመዋለሁ።